ሁለት የግራ እጅጌ

ሠፈሩ «እማማ አራሚ» ነው የሚላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ጥግ ተቀምጠው የሌላ ሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረዋል። የጋዜጣ ረቂቅ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ ምኑ ቅጡ፣ በእጃቸው ያላለፈ ወረቀት አልነበረም። ጡረታ ከወጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ቢቃረብም ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። የዳቦ ቤቱን አዲስ ማስታወቂያ ቆመው ያነቡና ባለቤቱን ያስጠሩታል።

«የኔ ልጅ፣ ዳቦህ ደህና ነው፤ ፊደልህ ግን ገና አልበሰለም» ይሉታል።

ሰውየው ስቆ በማግስቱ ያስተካክላል። የመድኃኒት ቤቱንም፣ የፀጉር ቤቱንም ማስታወቂያ እንዲሁ አስተካክለዋል። ከዘራ የያዙት ሊደገፉበት ሳይሆን ስህተት ሊጠቁሙበት ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እውነቱን ለመናገር ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር፤ ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ማንም የማይደርስባቸው ከአንገታቸው በላይ ነው። የጎረቤት ልጆችን የልደት ቀን ከእናቶቻቸው ቀድመው ያስታውሳሉ። ሐኪማቸው አንድ ጊዜ ሊፈትናቸው ብሎ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ እማማ?» ቢላቸው፣ «ቀኑ ጠፍቶህ ከሆነ እነግርሃለሁ፤ እየፈተንከኝ ከሆነ ግን ከበድ ያለ ጥያቄ አምጣ» አሉት። ሐኪሙ ይህን ለበሽተኛው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

የሚኖሩት ከአንድያ ልጃቸው ጋር ነበር። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገሩ ሲጀምር ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ የቤቱን የፊት ክፍል ወደ መንገድ በር አስከፍታ የስፌት ቤት አድርጋዋለች፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተሰቀለ ክር። እናትና ልጅ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። እናትየዋ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ልጅቷ ከንፈሯ መሃል ሦስት አራት ስፒል ነክሳ ትሰማለች። ስትስቅም ስፒሉ እንዳይወድቅባት በአፍንጫዋ ነው።

የእሷ ብቸኛ ልጅ ደግሞ መንገድ ቀያሽ ናት። ሥራዋ ከከተማ ውጭ ስለሆነ አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ጠፍታ፣ ፊቷን ፀሐይ መትቶት፣ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ከች ትላለች። ቀልጣፋ፣ ቸኳይ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት። «እኔን ነው የወጣችው» ይላሉ እማማ አራሚ፤ «እናቷ መሃል ላይ የተዘለለች መስመር ናት።» ለቀልድ ያሏት ይህች ቃል ኋላ ብዙ ጊዜ ጸጽታቸዋለች።

በእናትና በልጅ መካከል አንድ የቆየ ጨዋታ ነበር። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትተዋለች፤ እናትየዋ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙና ከሥሩ ማርክ ሰጥተው እዚያው ያስቀምጡላታል። ፊደል ከቆጠረችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ክር ልገዛ ወጥቻለሁ፣ አሁን እመሳለሁ» የሚል ወረቀት ሲያገኙ ምንም አልመሰላቸውም። የተዘለለችውን «ለ» በቀይ አስገብተው «ከአሥር ስምንት፤ ለችኮላ ሁለት ተቀንሷል» ብለው ጻፉበት። ልጃቸው ስትመለስ አይታ በአፍንጫዋ ሳቀች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኙት ወረቀት «እማ ምሳ» ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ ቀርቷል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ የደጋገመ ነበር። ክር ልገዛ ወጥቻለሁ። ክር ልገዛ ወጥቻለሁ። ክር ልገዛ ወጥቻለሁ። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መስመሩን የጠበቀ። እማማ አራሚ እስክሪብቶውን ከፈቱ፤ ወረቀቱን ሲያዩት ሲያዩት ቆዩና መልሰው ከደኑት። አጥፈውም መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ሸጎጡት። ልጃቸው ስትመለስ «ዛሬስ ስንት አገኘሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አሥር ከአሥር» አሏት።

ቀጥሎ የኮቱ ነገር መጣ። እዚያው ሠፈር የምታስተምር መምህርት ግራጫ ኮት አሰፍታ ልትወስድ መጣች። መስታወቱ ፊት ቆማ ግራ እጇን አስገባች፤ ልክክ አለ። ቀኝ እጇን ስታስገባ እጅጌው ወደ ኋላ ዞሮ ክርኗን ጠመዘዘው። አወለቀችው፣ እንደገና ለበሰችው፣ ያው ነው።

«ውይ፣ እህቴ፣ ሁለቱም እኮ የግራ ናቸው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እጅጌዎቹን ገለበጠች፣ አንዱን ከአንዱ አስተያየች፣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች። አርባ ዓመት እጅጌ ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች። ፊቷ ላይ እፍረት አልነበረም፤ እፍረት ቢሆን ይሻል ነበር።

«እማ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እማማ አራሚ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ይሆናል» አሉ ወደ መምህርቷ ዞረው። «ላግዛት ብዬ የተቆረጠውን ጨርቅ አደባልቄ ሰጠኋት። ዘጠና ዓመት እየተጠጋኝ ግራና ቀኜን ከየት አውቄው።»

መምህርቷ «እርስዎ ከተሳሳቱማ ዛሬ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም» ብላ እየሳቀች ኮቱን ትታ ሄደች። በሕይወታቸው እርጅናቸውን ምክንያት ሲያደርጉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ወንበራቸውን ከጓዳ አስወጥተው መቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጡት። የልኬቱን ደብተር እሳቸው ያዙ። «ደረት ዘጠና ስድስት። እጅጌ ስልሳ። ይሄኛው ቀኝ ነው ልጄ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ» እያሉ ያነቡላታል። ደንበኛ ገና ከደጅ ሳለ ስሙን ጮክ ብለው ጠርተው ይቀበሉታል፤ ልጃቸው እንድትሰማው ነው። ካውያው መነቀሉን በየሰዓቱ ያያሉ። ልጃቸው መቀሱን ይዛ ጨርቁ ላይ ፈዝዛ ስትቆም አንድ ወሬ ያነሡና፣ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲዞር፣ በከዘራቸው ጫፍ የሚቆረጠውን መስመር ነካ ያደርጉላታል።

ሠፈሩ ጉድ አለ። በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሥራ ጀመሩ ተባለ። ሰው ጨርቅ ይዞ የሚመጣው ልብስ ፈልጎ ይሁን የእሳቸውን ጨዋታ፣ አይታወቅም ነበር። ቀያሿ ከሥራ ቦታዋ ስትደውል «እማማ፣ አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ፤ እናቴን ሥራ ፈት አደረግሻት አሉ» ትላለች።

«እናትሽ ትስፋ፣ እኔ ላውራ። ሁሉም በሙያው ነው» ይሏታል።

አንድ ጊዜ «ስሚማ፣ እናትሽ እኮ» ብለው ጀምረው፣ «ሰላም ብላሻለች» ብለው ጨርሰዋል።

እንዳይናገሩ ያስማለቻቸው ራሷ ልጃቸው ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በሌለበት መርፌና ክር ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደህና ነው፤ የጠፋባት ቀጥሎ የሚደረገው ነገር ነው። ክሩ በአንድ እጇ፣ መርፌው በሌላው እጇ እንደቀረ ብዙ ቆየች።

«እማ» አለች ቀና ሳትል። «ታውቂያለሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«አንቺን ስህተት አያመልጥሽም።»

እማማ አራሚ ክሩንና መርፌውን ከእጇ ወስደው አገናኙላት።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት» አለች። «ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ስንት ለፍታ ያገኘችውን። እኔን ልትጠብቅ ቤት ስትቀመጥ ማየት አልፈልግም። ሐኪም ቤትም አልሄድም። የበሽታውን ስም ብሰማ ምን ይረባኛል?»

«መድኃኒት አይጠፋለትም እኮ፣ ልጄ።»

«ማይልኝ፣ እማ። ለምኜሽ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። ይህች ልጅ በልጅነቷ አሻንጉሊት እንኳ ለምና አታውቅም። ማሉላት። ከመሐላው ሥር ግን ለማንም ያልተናገሩት ሌላ ነገር ነበረ። ነገሩን ብቻቸውን ተሸክመው የሚዘልቁት መስሏቸው ነበር። የእኔ ጭንቅላት ለሁለት ይበቃል ብለው ነበር በልባቸው።

እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ዘጠናኛ ዓመታቸው ሲቃረብ ቀያሿ ትልቅ ድግስ አሰበች። ዝግጅቱን ሁሉ በስልክ አሰናድታ ራሷ የደረሰችው በዋዜማው ነው። እሳቸው የሚለብሱትን ሰማያዊ ቀሚስ ልጃቸው ልትሰፋ ተነሥታ ሁለት ወር ፈጀባት። በፊት በሁለት ቀን የምትጨርሰው ነው። አንዱን ጎን ሦስት ጊዜ ተርትራ ሦስት ጊዜ ሰፋችው። የመጨረሻውን ጠርዝ እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል እማማ አራሚ ራሳቸው በእጃቸው ዘመዘሙት፤ ስትነሣም «እንዴት አሳመርሽው» አሏት። እሷም ጠርዙን እያየች «አይደል?» አለች።

በዓሉ እሁድ ቀን ሆነ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ምግብና መጠጥ ተደረደረበት፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰበሰበ። ባለ ዳቦ ቤቱ ከነሚስቱ መጣ፣ መምህርቷ መጣች፣ ሐኪማቸውም ብቅ አለ። ዱሮ ማተሚያ ቤት ሥራ ያስተማሩት፣ ዛሬ የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነ ሰው ስለ እሳቸው አንድ ሙሉ ገጽ አሳትሞ፣ በመስታወት አስገብቶ ይዞ መጣ። እየፈራ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ሁለት ግድፈት አለው» አሉ፤ «ግን ሠርግ ላይ ሙሽራ አይታረምም፣ አልነግርህም።» ሰውየው ግድፈቶቹን ገጹ ላይ ሲፈልግ ቆየ።

ቀያሿ ቆማ ንግግር አደረገች። «እኔ ጫካ ለጫካ ስዞር ሐሳብ የማይገባኝ በእማማ ተማምኜ ነው» አለች። «እናቴን አደራ የሰጠሁት ለእሷ ነው። የዘጠና ዓመት ሴት ናት፤ ግን የማታየው ነገር የለም።» ሰው አጨበጨበ። እማማ አራሚ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቀሚሳቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያሽከረክሩ ነበር።

ከዚያ ኬኩ ቀረበ። ጋጋሪው በክሬም «እንኳን ዘጠኝ ዓመት ሞላዎት» ብሎ ጽፎበታል፤ «ና»ን በ«ኝ» ቀይሮ። ሁሉም አይተው የእሳቸውን ፊት ጠበቁ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ከሆነ ታዲያ ጉልበቴን ምን ሆኜ ነው የሚያመኝ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ዳቦ ቤቱ ቢላ ይዞ ሊያስተካክለው ሲነሣ «ተወው፣ በዕድሜዬ አንድ ስህተት ሳላርም ልለፍ» አሉት። ይህን ብለው ልጃቸው በአፍንጫዋ ስትስቅ ሊያዩ ዞሩ።

ወንበሯ ባዶ ነበር።

«እናትሽ የት ሄደች?» አሉ።

«ክር ልገዛ ብላኝ ነው የወጣችው» አለች የባለ ዳቦ ቤቱ ሚስት። «ዛሬ እኮ እሁድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው አልኳት። እሺ ብላኝ ሄደች። አንድ ሰዓት ሊሆናት ነው መሰለኝ።»

«ትመጣለቻ» አለች ቀያሿ ኬክ እያደለች። «ሰው ሲበዛባት ሹልክ ማለት ልማዷ ነው።»

«ፈልጓት» አሉ እማማ አራሚ።

«ምን ትሆናለች እማማ፣ ትልቅ ሰው ናት እኮ።»

«ፈልጓት አልኩ።»

ያለ ከዘራ ተነሥተው ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሆኖም ሳቁ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ድርግም አለ። ቀያሿ ሳህኑን እንደያዘች የአያቷን ፊት አየች። ነገር ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት ተብሏል፤ የዚያን ጊዜም ገባት። ሳህኑን አስቀምጣ እየሮጠች ወጣች።

እንግዳው ሁሉ ለፍለጋ ተበተነ። እማማ አራሚ ጉልበታቸው ከደጁ አላሳልፍ ስላላቸው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ቦታ ይናገሩ ጀመር። ክር ሱቁን እዩ። ባሏ ይሠራበት የነበረውን ጋራዥ እዩ። የጨርቅ ገበያውን፣ የቀድሞ ቤታችንን፣ የጓደኛዋን በር። ልጃቸው በስልሳ አምስት ዓመት ውስጥ የረገጠችውን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። አንዱም ጋ አልነበረችም። ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ ከኬኩ ላይ ክሬሙ ቀልጦ ጽሑፉ ፈሰሰ፣ ማንም አላነሣውም።

ጀምበር ስትጠልቅ አንድ የትራፊክ ፖሊስ በመኪና አመጣት። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ ረግጣው የማታውቀው የሕፃናት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ነው ያገኛት። በአንድ እግሯ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ሌላው እግሯ ባዶውን ተሰነጣጥቆ ይደማል። ቀያሿ ውሃ በሳፋ አምጥታ ከእግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እማዬ፣ የት ሄደሽብን ነው?»

«ልጄን ልወስድ ነዋ» አለች። «ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ በሙሉ ወጡ። እሷ ግን አልወጣችም።» ጎንበስ ብላ የምታጥባትን ሴት በትሕትና አየቻት። «የኔ እህት፣ አንቺስ አላየሻትም?»

ቀያሿ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። እግሩን አጥባ ጨረሰች፣ አደረቀችው፣ በፋሻ ጠቀለለችው፤ እናቷን አስተኝታ በሩን ዘጋች። ከዚያ መጥታ አያቷ ፊት ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር» አሉ እማማ አራሚ። ቀኑንም ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ተነሥተው መሳቢያውን ከፈቱና ከፎጣዎቹ ሥር ያሉትን ወረቀቶች አውጥተው ሰጧት። ሠላሳ ይበልጣሉ። የመጨረሻዎቹ ላይ ፊደል አልነበረም፤ ፊደል የሚመስል መስመር ብቻ።

ቀያሿ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አላለቀሰችም። «አስምላሽ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ። ግን እሷ ባታስምለኝም እነግርሽ እንደነበር እንጃ።»

ሐኪማቸው ወደ አንድ የነርቭ ሐኪም ላካቸው። ነርቭ ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ ቃል እየመረጠ ነው የነገራቸው። በሽታውን ማቆም አይቻልም ነበር አለ። ጅማሬው ላይ ቢያገኛት ግን ቀስ እንዲል የሚያደርግ መድኃኒት ነበረ። «ስንት ጊዜ ያህል?» ብለው ጠየቁት እማማ አራሚ። ሐኪሙ ወደ ቀያሿ አየ። «ለእኔ ንገረኝ» አሉት።

«ለሁሉም አይሠራም። ከሠራ ግን አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ደህና ዓመት ይጨምር ነበር።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቀያሿ መኪና እየነዳች፣ እናቷ ከጎኗ በመስኮት እያየች፣ እሳቸው ከኋላ ነበሩ። መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቀያሿ ከመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው።

«የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ታርሚያለሽ» አለች። «የኬክ ጽሑፍ ታርሚያለሽ። የእናቴን ግን ደበቅሽው። እሷ ፈርታ ነው፤ አንቺ ግን ሰው ሲያጨበጭብልሽ ቁጭ ብለሽ ሰማሽ።»

እማማ አራሚ ቃሉን ደጋግመው መረመሩት፤ ስህተት አላገኙበትም።

ልጃቸው የፈራችው ሁሉ ሆነ። ቀያሿ የመስኩን ሥራ ለቃ ቢሮ ውስጥ ካርታ መሳል ጀመረች። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እናቷን ወደዚያ ወሰደቻት። «እዚህ እኮ ክፍል አለ፣ አንቺ ነይ» ብለዋት ነበር እማማ አራሚ። «ይሄ ቤት መቀስ፣ ካውያና አውራ ጎዳና ነው» አለቻቸው። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ ማናቸውም አላነሡትም። ስልሳ አምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ እናትና ልጅ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሁለት ሻንጣ ተለያዩ። ለእማማ አራሚ ቀን ቀን የምታያቸው ሠራተኛ ተቀጠረች። የስፌት ቤቱ በር ተዘጋ፤ መኪናው ጨርቅ ለበሰ።

ቀያሿ ጨካኝ አልነበረችም። በየእሁዱ እናቷን ይዛ ትመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጃቸው ገብታ ቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ትሄድና መንኮራኩሩን ታሽከረክራለች። ኋላ መኪናውንም ረሳችው። እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ከወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። እማማ አራሚ ያወሩላታል። ዱሮ የሳቀችባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ያመጣሉ፤ እሷ ጨዋ ናት፣ በአፏ ፈገግ ትላለች።

አንድ እሁድ ቀያሿ ጓዳ ገብታ ሳለ ልጃቸው ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«እርስዎ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» አለቻቸው።

ተወልዳ አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንቺ ብላ ነው የምትጠራቸው።

«ብቻዬን ነኝ» አሉ።

«ልጅ የለዎትም?»

«አለችኝ። አንድ ልጅ አለችኝ።»

«ትጠይቅዎታለች?»

«በየእሁዱ።»

«ጥሩ ልጅ ናት» አለች ልጃቸው፣ ከልቧ። ከዚያም መንደሪን ልጣ ግማሹን ለሽማግሌ እንደሚሰጥ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እማማ አራሚ ተቀብለው በሉ። «ምን ሙያ አላት?» ብላ ጠየቀች። ልብስ ትሰፋለች አሏት፤ ሊያስተምሯት እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብለው፣ እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም፣ ገበር እንዴት እንደሚገባ ነገሯት። ልጃቸው መጨረሻውን ሳትሰማ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

ሲሄዱ ኮቷን ሊቆልፉላት ጎንበስ አሉ። አራቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች፤ መንገድ ያሻገሯት ሴት ይመስል።

ቀያሿ በሩ ላይ ቆየት አለች። ፊቷ ከስቷል፤ ጥፍሯ ሥር ጭቃ ሳይሆን ቀለም ነበር። «እማማ፣ በመኪና መሄዱ እየረበሻት ነው። ተመልሰን ከገባን በኋላ ሁለት ቀን አትረጋጋም፣ አትበላም። ሐኪሙም ቀንሱ ብሏል። በወር አንዴ ብናደርገውስ?»

«እሺ» አሉ።

«በሌላው እሁድ እኔ ብቻዬን እመጣለሁ። ካልደከመኝ።»

«እሺ፣ ልጄ። አንቺም እረፊ።»

ቀያሿ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ እናቷ መኪናው ውስጥ ሆና በሩን ስትደበድብ ጥላ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው ደወለላቸው። የዓመቱ ምርመራ ውጤት ደርሶ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ።

«እማማ፣ ደምዎ ንጹህ፣ ልብዎ ንጹህ። ስኳር የለ፣ ግፊት የለ። ጭንቅላትዎንማ እኔም ብሆን አልፈትንም። በዚህ አያያዝዎ መቶ ይደፍናሉ።»

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ።»

«ምነው ዛሬ አልቀለዱብኝም?»

«ሌላ ቀን» አሉትና ስልኩን አስቀመጡ።

ከዘራቸውን ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ወጥተው ተቀመጡ። በሩ ዝግ ስለሆነ ክፍሉ ደብዝዟል። አሥር ዓመት ማለት ስንት እሁድ እንደሆነ፣ በወር አንዴ ሲሆን ደግሞ ስንት እንደሚሆን ሳይፈልጉት ጭንቅላታቸው አሰላው። ልጃቸው የተወለደችበት ቀን መጣባቸው። ማክሰኞ ነበር፣ አዋላጇ ጉንፋን ይዟት ነበር። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀበት ቀን፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቀሚሳቸውን አልለቅም ያለችበት ጠዋት፣ ለአሻንጉሊት ብላ ሳይሆን ለጎረቤት ድመት ብላ የሰፋችው የመጀመሪያ ልብስ። አንዱም አልጠፋም፣ አንዱም አልደበዘዘም። ከእንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሚነግሩት ሰው ደግሞ የለም።

ሲመሻሽ ሠራተኛዋ ልትሄድ ስትል ብቅ ብላ «መብራት ላብራልዎት?» አለቻቸው።

«ተዪው» አሏት።

ትንሽ ቆማ ጠበቀችና ደግማ ጠየቀቻቸው። እማማ አራሚ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አስገብተው የስፌት መኪናውን መንኮራኩር ቀስ ብለው ያሽከረክሩ ነበር።